«በእምነት መዳን» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ከተማ ተገርፈው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ በታሰሩባት ሌሊት ምድር ተናወጠች፤ የወኅኒው በሮች ተከፈቱ፤ የእስረኞቹ ሁሉ እስራት ተፈታ። ከእንቅልፉ የባነነው የወኅኒ ጠባቂ እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ራሱን ሊገድል ሰይፉን መዘዘ። ጳውሎስ «ሁላችን ከዚህ አለን» ብሎ በታላቅ ድምፅ ባስቆመው ጊዜ መብራት አስመጥቶ ወደ ውስጥ ዘለለ፤ እየተንቀጠቀጠም ከፊታቸው ወድቆ «ጌቶች ሆይ፥ እድን ዘንድ ምን ማድረግ ይገባኛል?» ሲል ጠየቀ። የተሰጠው መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «በጌታ በኢየሱስ ክርስቶስ እመን አንተና ቤተ ሰዎችህ ትድናላችሁ።»

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 የተጻፈው ይህ ጥያቄና መልስ ላይ ላዩን ሲታይ የሚያከራክር አይመስልም። ነገር ግን ሰውየው የጠየቀው «ምን ላድርግ?» ብሎ ነው፤ የተመለሰለትም «እመን» ተብሎ ነው። ማመን እንግዲህ ከሚደረጉ ነገሮች አንዱ ነው ወይስ ማድረግን የሚተካ ሌላ ነገር? ክርስቲያኖች በዚህ ጉዳይ ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ጽፈዋል፣ ጉባኤ ሠርተዋል፣ ተወጋግዘዋልም። ክርክሩ በአደባባይ በተነሣ ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ «እነዚያ ሥራ አያስፈልግም ይላሉ» እና «እነዚህ በሥራቸው ሊድኑ ይፈልጋሉ» በሚሉ ሁለት ክሶች ተጠቅልሎ ይቀራል። ሁለቱም ክሶች የተከሳሹን ወገን ትምህርት በትክክል አይገልጹም። ይህ ጽሑፍ ከአብያተ ክርስቲያናት የትኛዋ ትክክል እንደ ሆነች አይፈርድም፤ የሚሞክረው ቃላቱ ምን እንደሚሸከሙና ልዩነቱ በእርግጥ የት ላይ እንዳለ ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚዳነው ከምንድን ነው?

«ዳነ» የሚለው የአማርኛ ግስ ብዙ ይሸከማል። በሽተኛ ይድናል፤ ከአደጋ የተረፈ ይድናል፤ ነፍስም ትድናለች። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ «ሶዞ» የሚለው ግስ መፈወስንም፣ ከጥፋት ማትረፍንም፣ የነፍስን መዳንም ያጠቃልላል። ኢየሱስ ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውን ሴት «እምነትሽ አድኖሻል፤ በሰላም ሂጂ» ብሏታል (ማርቆስ 5፥34)። እግሩን በእንባዋ ያራሰችውን፣ በከተማው በኃጢአተኛነት የታወቀችውን ሴትም ያሰናበታት በዚያው ቃል ነው፦ «እምነትሽ አድኖሻል፤ በሰላም ሂጂ» (ሉቃስ 7፥50)። አንደኛዋ የዳነችው ከሕመም፣ ሁለተኛዋ ከበደል ነው፤ ቃሉ ግን አልተለወጠም።

በክርስትና አስተምህሮ ኃጢአት የተፈጸሙ ጥፋቶች ዝርዝር ብቻ አይደለም። ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ያለው ግንኙነት የተበላሸበት ሁኔታ ነው፤ የዚህ ሁኔታ መጨረሻም ሞት ነው። ከዚህ ሁኔታ የሚያወጣው በክርስቶስ ሰው መሆን፣ ሞትና ትንሣኤ የተፈጸመው ሥራ እንደ ሆነ ሁሉም ክርስቲያኖች ያምናሉ። ሐዋርያት ይህን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ብቻ አልመረጡም። አንዳንድ ጊዜ ከፍርድ ቤት ይዋሳሉ፤ ተከሳሹ ነጻ ይባላል። አንዳንድ ጊዜ ከባሪያ ገበያ ይዋሳሉ፤ ዋጋ ተከፍሎለት አርነት ይወጣል፣ «ቤዛ» የሚለው ቃልም ከዚያ የመጣ ነው። አንዳንድ ጊዜ ከቤተሰብ ሕይወት ይዋሳሉ፤ የተጣሉ ይታረቃሉ፣ ባዕድ የነበረውም ልጅ ይባላል። ከሐኪምና ከመቃብርም ይዋሳሉ፤ የታመመው ይፈወሳል፣ የሞተው ይነሣል። የምዕራቡ ክርስትና በታሪኩ ወደ ፍርድ ቤቱ ምሳሌ፣ የምሥራቁ ደግሞ ወደ ሐኪሙ ምሳሌ አዘንብለዋል። ሲከራከሩ የማይግባቡበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ አንዱ ዳኛን እያሰበ ሲናገር ሌላው ሐኪምን እያሰበ ይሰማዋል።

የመዳን ጊዜ ራሱ በአዲስ ኪዳን ውስጥ አንድ አይደለም። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች መዳናቸውን እንደ ተፈጸመ ነገር ይጽፍላቸዋል። ለቆሮንቶስ ሰዎች «በመዳን ላይ ላለነው» እንደ ማለት አድርጎ በአሁን ጊዜ ይናገራል (1ኛ ቆሮንቶስ 1፥18)። ለሮሜ ሰዎች ደግሞ ወደ ፊት «እንድናለን» ይላቸዋል (ሮሜ 5፥9)። «አንተ ድነሃል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ «አዎ»፣ ሌላው «እየዳንሁ ነው»፣ ሦስተኛው «እድን ዘንድ ተስፋ አደርጋለሁ» ቢል ሦስቱም ከአንድ ሐዋርያ ደብዳቤዎች ጥቅስ ማቅረብ ይችላሉ።

እምነት ማለት አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ መቀበል ብቻ ነው?

አመነ፣ ታመነ፣ አማኝ፣ ታማኝ፣ እምነት፣ አሜን። እነዚህ ሁሉ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ሥሩም በዕብራይስጥ ካለው ጋር አንድ ነው፤ በዚያም መጽናትን፣ አስተማማኝ መሆንን ያመለክታል። የግሪክኛው «ፒስቲስ» ደግሞ እንደ ዐውዱ «እምነት» ወይም «ታማኝነት» ተብሎ ሊተረጐም ይችላል። ስለዚህ «በእምነት መዳን» የሚለውን ሐረግ «አንድን አሳብ በአእምሮ በመቀበል መዳን» ብሎ መረዳት ቃሉን ግማሽ በግማሽ ማጉደል ነው።

የያዕቆብ መልእክት ይህን ጉድለት በጠንካራ ምሳሌ ያጋልጣል። እግዚአብሔር አንድ እንደ ሆነ አጋንንትም ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጣሉም፤ ማመናቸው ግን አያድናቸውም። መረጃ አላቸው፤ መረጃው እውነት መሆኑንም አይጠራጠሩም። የጐደላቸው መታመን ነው፤ ማለትም ራስን ለታመኑት አካል አሳልፎ መስጠት። የተሐድሶ ዘመን (የዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴ) መምህራን እምነትን በሦስት ከፍለው ያስተምሩ የነበረው ለዚህ ነው፦ ማወቅ፣ ማጽደቅ (ማለት «ይህ እውነት ነው» ብሎ መቀበል) እና መታመን።

አንድ ታማሚ እናስብ። ሐኪሙ በሙያው የተመሰከረለት እንደ ሆነ ያውቃል፤ የታዘዘለት መድኃኒት ሌሎችን እንደ ፈወሰም አይጠራጠርም፤ ለሚጠይቁት ሁሉ ስለ ሐኪሙ ብልኀት ይናገራል። መድኃኒቱ ግን በራስጌው ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ክዳኑ እንደ ታሸገ ተቀምጧል። ይህ ሰው በሐኪሙ «ያምናል» ወይ? በአንድ በኩል ያምናል፤ በሚጠቅመው በኩል ግን አላመነም። ማመኑ የሚታወቀው ክዳኑን ሲከፍት ነው። ቢከፍትና ቢጠጣ ደግሞ የፈወሰው መድኃኒቱ እንጂ የመጠጣት ትጋቱ አይደለም፤ ከዳነ በኋላ «ጐበዝ ጠጪ ስለ ሆንሁ ዳንሁ» ብሎ የሚመካ ታማሚ አይገኝም። ምሳሌው በአንድ ነጥብ ይሰናከላል፤ ታማሚ ለሐኪሙ ዋጋ ይከፍላል፣ በዚህ ጉዳይ ግን ክፍያ የለም።

ማመንም ቢሆን የሰው ድርሻ ስለ ሆነ፣ ያው ክፍያ አይደለም ወይ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። እግዚአብሔር «ብታምን አድንሃለሁ» ካለ እምነት በሥራ ፈንታ የሚቀርብ ቀለል ያለ ዋጋ ሊመስል ይችላል። እዚህ ላይ «ጸጋ» የሚለውን ቃል መፍታት ያስፈልጋል። ጸጋ ተቀባዩ ሳይገባው፣ ከሰጪው ቸርነት የተነሣ ብቻ የሚሰጥ ስጦታ ነው። በኤፌሶን 2፥8 ላይ የሚገኘውን፣ በዚህ ክርክር ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰውን ቃል የቆየው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አስቀምጦታል፦ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም።» የዓረፍተ ነገሩን ሰዋስው ማየት ይበቃል። የማዳን ግስ ባለቤት ጸጋው ነው። እምነት የመጣው «በ» በምትል መስተዋድድ ታዝሎ ነው፤ መንገድ ነው፣ አዳኝ አይደለም። ቀጥሎ ያለው ቁጥር «ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም» ይላል፤ ከዚያ የሚከተለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ የሚታለፈው ነው፦ የዳኑት እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካም ሥራ ለማድረግ ተፈጥረዋል። ሥራ ከመዳን በፊት እንደ ዋጋ አልተቀመጠም፤ ከመዳን በኋላ ግን እንደ ዓላማ ተቀምጧል።

ይህ ጉዳይ ገና በአምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ክርክር አስነሥቷል። ፔላግዮስ የተባለ መነኩሴ ሰው በተፈጥሮው በተሰጠው ነጻ ፈቃድ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ መፈጸም እንደሚችል በማጠንከር አስተማረ፤ ሰዎች በድካማቸው እያመካኙ ከቅድስና መሸሻቸው አሳዝኖት ነበር። የሂጶው አውግስጢኖስ ደግሞ የሰው ፈቃድ ራሱ ታሟልና ጸጋ ካልቀደመው ወደ እግዚአብሔር አይዞርም ሲል ተከራከረው። በ418 በካርታጎ የተሰበሰበው ጉባኤ የፔላግዮስን ትምህርት አወገዘ፤ በ529 በኦራንዥ የተደረገው ጉባኤም የእምነት ጅማሬ ራሱ ከጸጋ እንደ ሆነ ደነገገ። የምሥራቅ አባቶች በአውግስጢኖስ መንገድ ሁሉ አልሄዱም፤ የሰው ፈቃድ ከእግዚአብሔር ጸጋ ጋር አብሮ እንደሚሠራ አጥብቀው ያስተምራሉ። ሆኖም እነርሱም ቢሆኑ ሰው ያለ ጸጋ ራሱን ያድናል አይሉም። ለዛሬው አንባቢ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ «ሰው በገዛ ሥራው ይድናል» የሚል ትምህርት ከታላላቆቹ አብያተ ክርስቲያናት በአንዳቸውም ዘንድ የለም።

ጳውሎስና ያዕቆብ አይጋጩም ወይ?

ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ለብዙ አንባቢ ድንጋጤ ነው። ጳውሎስ፦ «ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት እንዲጸድቅ እንቈጥራለንና» (ሮሜ 3፥28)። ያዕቆብ፦ «ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንዲጸድቅ ታያላችሁ» (ያዕቆብ 2፥24)። ይባስ ብሎ ሁለቱም ምስክር አድርገው የሚጠሩት አንድን ሰው፣ አብርሃምን ነው፤ የሚጠቅሱትም አንድን ጥቅስ ነው፤ አብርሃም እግዚአብሔርን እንዳመነና ጽድቅ ሆኖ እንደ ተቈጠረለት የሚናገረውን ዘፍጥረት 15፥6ን።

መፍትሔው ያለው እያንዳንዳቸው ከአብርሃም ዕድሜ የትኛውን ዓመት እንደሚያዩ በመመልከት ላይ ነው። የጳውሎስ ጥያቄ የዘመን ቅደም ተከተል ነው፤ አብርሃም ጻድቅ የተባለው ከመገረዙ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ዘፍጥረትን ገልጦ ማስላት ይቻላል። የእምነቱ ቃል በምዕራፍ 15 ነው፤ በምዕራፍ 16 እስማኤል ሲወለድ አብርሃም የ86 ዓመት ሰው ነበረ፤ በምዕራፍ 17 ሲገረዝ ደግሞ 99 ዓመቱ ነበረ። ስለዚህ ጻድቅ ተብሎ ከተቈጠረ በኋላ ቢያንስ 13 ዓመት ሳይገረዝ ኖሯል። የጳውሎስ ክርክር በዚህ ስሌት ላይ ቆሟል፤ የሃይማኖት አባት የሆነው ሰው ሳይገረዝ ጻድቅ ከተባለ፣ ከአሕዛብ የመጡ አማኞች ካልተገረዙ አይድኑም ማለት አይቻልም። ይህ ለእርሱ የንድፈ አሳብ ጉዳይ አልነበረም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 እንደ ተጻፈው፣ በ50 ገደማ ሐዋርያት በኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት «እንደ ሙሴ ሥርዓት ካልተገረዛችሁ ልትድኑ አትችሉም» የሚሉ መምህራን ስለ ተነሡ ነው።

ያዕቆብ ዐይኑን የጣለው በሌላ ዓመት፣ አብርሃም ልጁን ይስሐቅን በመሠዊያ ላይ ባቀረበበት በዘፍጥረት 22 ላይ ነው። የእርሱ ተከራካሪ ግዝረትን የሚያስገድድ መምህር አይደለም፤ የተራበና የታረዘ ወንድም ከፊቱ ቆሞ «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡ» ብሎ የሚያሰናብት፣ ሆኖም አማኝ ነኝ የሚል ሰው ነው። ያዕቆብ እንዲህ ያለውን እምነት የሞተ ይለዋል። ጳውሎስ «ሥራ» ሲል በዋናነት የሚያስበው ሰው በእግዚአብሔር ፊት መብት እንዲያገኝ የሚያቀርበውን የሕግ ሥራ ነው፤ ያዕቆብ «ሥራ» ሲል የሚያስበው እምነት ሕያው መሆኑ የሚታይበትን ምሕረት ነው። የሕግ ሥራ የሚለው ሐረግ ግዝረትን፣ የምግብ ሕግንና ሰንበትን ብቻ ይመለከታል ወይስ የሰውን ግብረ ገባዊ ጥረት ሁሉ የሚለው ግን እስከ ዛሬ በሊቃውንት መካከል ያከራክራል። ከጳውሎስ ራሱ ወደ ያዕቆብ የተዘረጋ ድልድይ ቢፈለግ በገላትያ 5፥6 ይገኛል፤ በክርስቶስ የሚጠቅመው «በፍቅር የሚሠራ እምነት» ነው ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ቃል መጥቀስ ተገቢ ነው። «በእምነት ብቻ» የሚለው ሐረግ በአዲስ ኪዳን የሚገኘው አንድ ጊዜ ነው፤ እርሱም በዚያው በያዕቆብ ቁጥር ውስጥ፣ ከአፍራሽ ቃል ጋር ነው። የተሐድሶው ቀስቃሽ የነበረው ጀርመናዊው ማርቲን ሉተር በ1522 ባሳተመው የጀርመንኛ አዲስ ኪዳን በሮሜ 3፥28 ላይ «ብቻ» የሚለውን ቃል ጨመረ። በግሪክኛው እንደሌለ ያውቅ ነበር፤ በ1530 በጻፈው መከላከያ የጀርመንኛ አነጋገር ይህን እንደሚጠይቅ፣ የጳውሎስ አሳብም ይኸው እንደ ሆነ ተሟግቷል። የያዕቆብን መልእክት ደግሞ ከጳውሎስ ደብዳቤዎች ጋር ሲያነጻጽረው «የገለባ መልእክት» ብሎት ነበር፤ ይህ ቃል ከመቅድሙ በኋለኞቹ እትሞች ወጥቷል።

ታዲያ የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት የተለያዩት በምን ላይ ነው?

መልሱ በአንድ ግስ ውስጥ አለ፤ አማርኛም ለዚህ የሚመች ቋንቋ ነው። «ረቂቁ ጸደቀ» እንላለን፤ «ችግኙ ጸደቀ» እንላለን። ረቂቅ የሚጸድቀው ሥልጣን ያለው አካል በቃሉ ሲያጸድቀው ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ ፊደል ሳይለወጥ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አቋሙ ተለውጧል። ችግኝ የሚጸድቀው ግን ሥር ሲሰድ ነው፤ ማንም «ጸድቋል» ብሎ ስላወጀለት አይደለም፣ በውስጡ ሕይወት ስለ ሠራ ነው፤ ጊዜም ይወስዳል።

ሉተር በ1517 ክርክሩን ሲጀምር የተነሣው ለኃጢአት ከሚገባ ጊዜያዊ ቅጣት ነጻ ያወጣል የተባለ የቤተ ክርስቲያን ሰነድ በገንዘብ ይሰጥ ስለ ነበር ነው። ቆይቶ ግን ነገሩ ወደ ሥሩ ወረደ። ለሉተርና ከእርሱ በኋላ ለመጡት የተሐድሶ መምህራን መጽደቅ በዋናነት እንደ ረቂቁ ነው። እግዚአብሔር ዳኛው ኃጢአተኛውን በክርስቶስ ጽድቅ ምክንያት ጻድቅ ብሎ ያውጅለታል፤ ሰውየው ይህን የሚቀበለው በእምነት ብቻ ነው። ከዚያ የሚከተለው የሕይወት መለወጥ የግድ ነው፤ ነገር ግን ስሙ ሌላ ነው፣ «መቀደስ» ይባላል፤ የአዋጁም ምክንያት አይደለም። ሁለቱን ለይተው የሚያስቀምጡት ሰው የገዛ ሕይወቱን መሻሻል እየለካ በፍርሃት እንዳይኖር ነው።

ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መጽደቅ ችግኙንም ይጨምራል። ከ1545 እስከ 1563 በየጊዜው የተሰበሰበው የትሬንት ጉባኤ በጥር 1547 ባወጣው ውሳኔ፣ መጽደቅ የኃጢአት ስርየት ብቻ ሳይሆን የውስጥ ሰው መታደስም ነው አለ፤ ስለዚህም በጸጋ እየታገዘ ያድጋል። ጉባኤው «በእምነት ብቻ» የሚለውን፣ ሌላ ምንም ትብብር አያስፈልግም በሚል ትርጓሜ የሚያስተምረውን አወገዘ። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በመጀመሪያው ቀኖናው ያወገዘው ሰው ያለ መለኮታዊ ጸጋ በገዛ ሥራው በእግዚአብሔር ፊት ሊጸድቅ ይችላል የሚለውን ነው። «ካቶሊኮች በሥራ እንድናለን ይላሉ» የሚል ሰው ይህን ቀኖና ቢያነበው መልካም ነው።

የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ክርክሩ በተነሣበት ጊዜ በቦታው አልነበሩም፤ በእነርሱ ዘንድ ጥያቄውም በዚህ መልክ አልቀረበም። በእነርሱ አስተምህሮ መዳን ከአዋጅ ይልቅ ሱታፌ፣ ማለትም ከእግዚአብሔር ሕይወት መካፈል ነው። በአራተኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው አትናቴዎስ የእግዚአብሔር ቃል ሰው የሆነው ሰው በጸጋ አምላካዊ ሕይወትን እንዲካፈል እንደ ሆነ አስተምሯል፤ ሰው በባሕርይ አምላክ ይሆናል ማለት አይደለም፤ በ2ኛ ጴጥሮስ 1፥4 እንደ ተጻፈው ተካፋይ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ መንገድ እምነት በር ነው፤ ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ንስሐ፣ ጾምና ምጽዋት ደግሞ ከበሩ በኋላ ያለው ቤት ናቸው። በሩን ከቤቱ ነጥሎ «የትኛው ያድናል?» ብሎ መጠየቅ ለኦርቶዶክሱ አማኝ እንግዳ ጥያቄ ነው፤ ለዚህም ነው ከፕሮቴስታንቱ ጋር ሲነጋገር ብዙ ጊዜ ሁለቱም የተለያየ ጥያቄ እየመለሱ የሚውሉት።

ልዩነቱ ዛሬም እንደ ድሮው ነው?

አይደለም፤ ጨርሶ አልጠፋምም። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 31 ቀን 1999 በጀርመን አውግስቡርግ ከተማ ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። የመግለጫው እምብርት ሰው በእግዚአብሔር ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኘው በጸጋ ብቻ፣ በክርስቶስ የማዳን ሥራ በማመን እንጂ በገዛ ብቃቱ አይደለም፤ መንፈስ ቅዱስም ልቡን እያደሰ ለመልካም ሥራ ያስታጥቀዋል የሚል ነው። በ2006 ሜቶዲስቶች፣ በ2017 ደግሞ የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ከመግለጫው ጋር ተስማሙ። ሰነዱ ልዩነት ሁሉ አበቃ አይልም፤ የቀሩት ልዩነቶች ከእንግዲህ የመወጋገዣ ምክንያት አይሆኑም ነው የሚለው። ይህንንም ያልተቀበሉ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት አሉ።

ጥምቀትስ?

አብዛኞቹ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ እንዲሁም ሉተራኖች፣ እግዚአብሔር በጥምቀት በእውነት ጸጋን ይሰጣል ብለው ያስተምራሉ። ባፕቲስቶችና ሌሎች በርካታ ወንጌላውያን ግን ጥምቀት አስቀድሞ ለተፈጸመው መዳን የታዘዘ ምስክርነት ነው ይላሉ። የኋለኞቹ በመስቀል ላይ ሳይጠመቅ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» የተባለውን ወንበዴ ይጠቅሳሉ፤ የፊተኞቹ ደግሞ እርሱ ልዩ ሁኔታ ነው፣ መውረድና መጠመቅ ለሚችል ሰው ሕግ አይሆንም ይላሉ።

«በጸጋ ከዳንሁ እንደ ፈለግሁ ብኖር ምን አለበት?»

ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ጳውሎስ በሮሜ 6 መጀመሪያ ራሱ አንሥቶ «አይደለም» ብሎ ይመልሳል። እርሱ «ልጅነት» ብሎ በጠራው ምሳሌ ነገሩ ይብራራል። ወላጅ የሌለው ሕፃን በጉዲፈቻ ሲሰጥ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ በአንድ ቀን ልጅ ያደርገዋል፤ ለዚህ ምንም አልሠራም። ነገር ግን በአዲሱ ቤት የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ዳቦ ከትራሱ ሥር ሊደብቅ ይችላል፤ ነገም ምግብ እንደሚኖር ገና አላመነምና። ከወራት በኋላ መደበቁን ይተዋል፤ የአባቱን አነጋገር ይለምዳል፣ ለታናሹ ያካፍላል። ይህን የሚያደርገው ልጅ ለመሆን አይደለም፤ ልጅ ስለ ሆነ ነው። ዳቦውን እየደበቀ ያለውን ሕፃን «ልጅ አይደለህም» የሚለው የለም። ሰነዱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ጨርሶ ሊገባ የማይወደውን ግን በምን ልጅነቱ ይታወቃል? በማቴዎስ 25 የመጨረሻው ፍርድ የሚከናወነው ለተራበ በመስጠትና ባለመስጠት ላይ መሆኑን ሁሉም ወገኖች በትምህርታቸው ቦታ ሊሰጡት የሚገደዱት ለዚህ ነው።

ሰው መዳኑን በእርግጠኝነት ማወቅ ይችላል?

እዚህ ላይ መልሶቹ በግልጽ ይለያያሉ። ከተሐድሶ መምህራን አንዱ የነበረውን የካልቪንን ትምህርት የሚከተሉ አብያተ ክርስቲያናት በ1618 እና 1619 በኔዘርላንድ በዶርት ከተማ ባደረጉት ጉባኤ፣ በእውነት ያመነ ሰው ሊሰናከል ቢችልም እግዚአብሔር እስከ መጨረሻ እንደሚጠብቀው፣ ይህንንም ሊያረጋግጥ እንደሚችል ደነገጉ። ሜቶዲስቶች ሰው ዛሬ መዳኑን ሊያውቅ እንደሚችል፣ ነገር ግን ከጸጋ ሊወድቅ እንደሚችልም ያስተምራሉ። የትሬንት ጉባኤ ማንም ሰው ሊሳሳት በማይችል የእምነት እርግጠኝነት ጸጋን እንዳገኘ ሊያውቅ አይችልም አለ፤ በእግዚአብሔር ምሕረት መጠራጠር ግን አይገባም አለ። በኦርቶዶክሱ ዘንድ የተለመደው ቃል «ተስፋ» ነው፤ ስለ ራስ በመፍራት፣ ስለ እግዚአብሔር ቸርነት በመታመን። ከአዲስ ኪዳን አንዱ «የዘላለም ሕይወት እንዳላችሁ ታውቁ ዘንድ» የሚለውን ይጠቅሳል (1ኛ ዮሐንስ 5፥13)፤ ሌላው የቆመ የሚመስለው እንዳይወድቅ ይጠንቀቅ የሚለውን (1ኛ ቆሮንቶስ 10፥12)።

ከዚህ ጥያቄ ሥር ሌላ፣ ይበልጥ የግል የሆነ ጥያቄ አለ፤ የምድነው በእምነት ከሆነ እምነቴ ምን ያህል መሆን አለበት? በማርቆስ ምዕራፍ 9 አንድ አባት ከሕፃንነቱ ጀምሮ በእሳትና በውኃ ውስጥ እየወደቀ የሚሠቃይ ልጁን ይዞ ይመጣል። ልመናው ራሱ ጥርጣሬ አለበት፤ «ቢቻልህ» ይላል። ለሚያምን ሁሉ እንደሚቻል ሲነገረው ጮኾ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ። ኢየሱስ እምነቱ ከጥርጣሬ እስኪጠራ እንዲጠብቅ አላዘዘውም፤ ልጁን የያዘውን ርኩስ መንፈስ ገሠጸው። ልጁም እንደ ሞተ ሆነ፤ ከቆሙት ብዙዎቹ «ሞተ» አሉ። ኢየሱስ ግን እጁን ይዞ አስነሣው፤ ቆመም።